በቀራንዮ «እርምጃ» የተባለበት ሳምንት

የበደለኝ ሰው ሽፈራው ደስታዬ ይባላል። የበደለኝም ከአብዮቱ በኋላ በሰባተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኮልፌ ቀራንዮ በሚገኝ አንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። የበደለኝ በአንድ ንግግር ነው፤ ንግግሩን ቦታው ሲደርስ እጽፈዋለሁ። ስሙን ከነአባቱ ያስቀደምኩት ሆን ብዬ ነው። እሱ ስለዚያ ሳምንት በየመድረኩ «የጠፋው ትልቁ ሥራዬ» እያለ ለወጣቶች ሲያወራ፣ የእኔን ስም አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ስለ ፊልም አሠራር የማውቀውን አብዛኛውን ያስተማረኝም እሱ ነው። ይህንንም አልክድም።

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደብረ ማርቆስ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፊልም አሳይ ነበርኩ። ፕሮጀክተርና ጄኔሬተር በላንድሮቨር ጭነን፣ ከአንዱ ገበሬ ማኅበር ወደ ሌላው እየዞርን፣ አቡጀዲ ወጥረን ስለ ማዳበሪያና ስለ ንጹሕ ውሃ እናሳያለን። ማሳየት እንጂ ማንሳት አላውቅም። አንድ ቀን «ልምድ ካላቸው የፊልም ባለሙያዎች የሚሰጥ የአምስት ቀን ትምህርት» የሚል ደብዳቤ መጣና ተመረጥኩ። ደስ አለኝ። ደስ መሰኘቴን አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

ሰኞ

አውቶቡሳችን ከደብረ ማርቆስ የተነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። እናቴ ለእትዬ ውዴ አንድ ድፎ ዳቦና አንድ ቅል ለጋ ቅቤ አስይዛኛለች። እትዬ ውዴ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ባላቸውን ተከትለው ሄደው ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ከተቀመጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባላቸው ሞተዋል። ሰሎሞን የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። እናቴ ስትሸኘኝ፣ «ስለ ሰሎሞን እሷ ካላነሳችው አታንሺባት» አለችኝ። ከዚያ በላይ አልጠየቅሁም። በዚያ ዘመን ሰው ከዚያ በላይ አይጠይቅም።

ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የሚቻል አልነበረም። የቅሉ ውታፍ ተፈነቀለና ቅቤው ቀልጦ ሻንጣዬ ውስጥ ፈሰሰ። ድልድዩ ጋ ያለው ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ወታደሩ ድፎ ዳቦዬን በቀጭን ብረት ሦስት ቦታ ወጋው፤ ጥይት ፍለጋ መሆኑ ነው። ቀጥሎ የይለፍ ወረቀቴን ጠየቀኝ። ከሻንጣዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው፣ ወንድሜ።»

«ቅቤውንማ አየሁት። ወረቀቱ የታለ ነው የምልሽ?»

ወደ ፀሐይ አንስቶ አገላበጠው። ቅቤ የጠጣ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጣቶቹ በማዶ ይታዩኝ ነበር። «እለፊ፤ ፀጉርሽን ብትቀቢው ይሻልሽ ነበር» አለኝና ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ጎሐ ጽዮን ሽሮ በልተን፣ ሱሉልታ ላይ ብርድ ተቀብሎን፣ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገባን። አውቶቡስ ተራ ለደረሰ ሰው የመጀመሪያው ሥራ ሻንጣውን በሁለት እጁ መያዝ ነው። እኛ አገር መንገድ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ሰላም ይባላል፣ ከየት እንደመጣ ይጠየቃል፣ ከዚያ ይነገረዋል። እዚህ መልሱ በእጅ ነው፤ ሳይቆሙ ይጠቁሙና ያልፋሉ። የተጠቆምኩት አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። ትኬት ቆራጩን «ቀራንዮ ይደርሳል?» ስለው «መጨረሻው ፌርማታ» አለኝ። መጨረሻው ፌርማታ አየር ጤና ሆኖ ተገኘ።

አየር ጤና መገናኛው ላይ ዳቦዬንና ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ከአንድ ጋራዥ ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ሰውዬ ወጣ። ቀራንዮ እንደምፈልግ ስነግረው፣ «እኔም ወደዚያው ነኝ» ብሎ ሻንጣዬን ተሸከመ። አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። የእትዬ ውዴ በር ድረስ አድርሶኝ፣ ሻንጣዬን አስቀምጦ፣ በመጣንበት መንገድ ተመለሰ። ወደዚያው አልነበረም። ስሙን አልጠየቅሁትም።

እትዬ ውዴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸው የሻከሩ ሴት ናቸው። ስመውኝ ሲያበቁ ሻንጣዬን ከፍተው አዩ።

«ቅቤውን ለመንግሥት ወረቀት አጠጥተሽ ቅሉን ለእኔ አመጣሽልኝ?»

«ዓባይ ነው እትዬ፤ እኔ አይደለሁም።»

«ዓባይማ ሁልጊዜም የጎጃምን ነገር ይዞ መሄድ ልማዱ ነው።»

ቅሉ ውስጥ የቀረችውን ጠርገው በጣሳ አስቀመጡ። ቅዳሜ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነበሩን።

ማክሰኞ

የደጃችን ሣር ጠዋት በውርጭ ነጭቶ ነበር። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንግዳ መሆኔን ቀበሌ ማስመዝገብ ነበረብን። ጸሐፊው ወረቀቴን በሁለት ጣቱ ይዞ አሸተተው። «ማኅተሙ አይነበብም» አለ። እትዬ ውዴ፣ «አይነበብም እንጂ ይበላል፤ ጨው ጨምርበት» አሉት። ጸሐፊው ሳይስቅ በመዝገቡ ጻፈኝ፦ ፋናዬ እንግዳወርቅ፣ ከደብረ ማርቆስ፣ በወይዘሮ ውዴ ቤት፣ እስከ እሁድ።

ትምህርቱ የሚሰጠው እዚያው ቀበሌ አዳራሽ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ የመጣን አሥራ አንድ ሠልጣኞች ነን፤ ሴት እኔ ብቻ። መምህራኑ ሁለት ናቸው። አንደኛው ሽፈራው ነው፤ ወደ አርባ የተጠጋ፣ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ውጭ አገር ፊልም ተምሮ ከተመለሰ ዓመት ያልሞላው። ሁለተኛው ጋሽ ወርቁ ነው። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ካሜራ ሲሸከም የኖረ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ሽማግሌ ነው፤ ፊልምን «ፔሊኮላ» ይለዋል።

የተማርነውን ልጻፍ፤ እዚያ ላልነበራችሁ ይጠቅማችኋል። ሽፈራው እንዲህ አለ፦ «ካሜራ ከማንሳታችሁ በፊት ሰውየው ሥራውን ሲሠራ ሦስት ጊዜ ተመልከቱት። መጀመሪያ ሥራውን ታያላችሁ። ሁለተኛ እጁን። ሦስተኛ የሚደብቀውን።» ሌላም አለ፦ «‹ቁረጥ› እስኪባል ድረስ ጣታችሁን ከቁልፉ አታንሱ። ቤት ቢቃጠል እንኳ አታንሱ። የሚቆርጥ ዳይሬክተሩ ነው።»

ጋሽ ወርቁ ፊልም ካሜራ ውስጥ እንዴት እንደሚጎረስ አሳየን። በጥቁር ከረጢት ውስጥ እጅን ከትቶ፣ ሳያዩ፣ በዳሰሳ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካገኘው ይጠፋል። ወንዶቹ ሲደናበሩ እኔ በሁለተኛው ሙከራ ቻልኩት። «አየህ» አለው ከጅማ ለመጣው ሠልጣኝ፣ «ጎጃሜዋ በጨለማ መቋጠር ለምዳለች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ካሜራ ይዘሽ አትሩጪ። የሚሮጠው ሌባ ነው፤ አንቺ ምስክር ነሽ» አለኝ። ካሜራው እንደ ጠረጴዛ ሰዓት የሚጠመዘዝ ነው፤ አንዴ ሲሞላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ሄዶ በራሱ ይቆማል። ድምፅ አይቀዳም። ድምፁን ሌላ ሰው በቴፕ ለብቻው ይቀዳል።

ለእያንዳንዳችን አንድ ጥቅል ፊልም ታደለን፤ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። አንድ ሰው በሥራው ላይ እንድናነሳና ቅዳሜ በሰፈሩ ሰው ፊት እንድናሳይ ታዘዝን። እኔ እትዬ ውዴን መረጥኩ። መርካቶ ካሉ እህል ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ እየተረከቡ በወስፌና በሲባጎ ጠቅመው ይመልሳሉ። እኛ ዘንድ የተቀደደ ጆንያ ለአህያ ጭነት መደላድል ይሆናል እንጂ ማንም አይጠቅመውም። ስጠይቃቸው እሺ አሉ። ማታ በቅቤ የራሰ ቂጣ በላን።

ረቡዕ

ዕለቱ ኅዳር ሲታጠን ነበር። የሰፈሩ ሰው ጥራጊውን በየደጁ ከምሮ ስላቃጠለ ቀራንዮ በጭስ ተሸፍኗል። ደብረ ማርቆስ ጭሱን ነፋስ ይወስደዋል፤ እዚህ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተኝቶ ዋለ። ሁላችንም ዓይናችን እየነደደ አዳራሽ ገባን።

ሽፈራው፣ «በዓለም ሁሉ ዳይሬክተር ሥራውን የሚያስጀምርበት አንድ ቃል አለው» አለ። «የእኛ ቃል የቱ ነው?»

«እኛ ‹በል!› ነበር የምንል» አለ ጋሽ ወርቁ።

«‹በል› ለበሬ ነው፣ ጋሽ ወርቁ።»

«በሬው ሄዶልኝ ያውቃል። ተዋናዩ ነው እምቢ ያለኝ።»

ሳቅን። ሽፈራውም ሳቀ። ከዚያ ጠመኔ አንስቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «እርምጃ» ብሎ ጻፈ።

የዛሬ ልጆች ይህ ቃል ምን እንደነበረ ላታውቁ ትችላላችሁ። በእነዚያ ዓመታት ሬዲዮ የሰዎችን ስም ዝርዝር ያነብና መጨረሻው ላይ «እርምጃ ተወስዶባቸዋል» ይላል። እርምጃ የተወሰደበት ሰው ጠዋት መንገድ ዳር ይገኛል። እናቱ እንዳታለቅስ ትከለከላለች። ቃሉ በሰው ቤት ውስጥ አይነሳም ነበር፤ «አንድ እርምጃ ወደፊት» ለማለት እንኳ ሰው «ትንሽ ፈቀቅ» ይል ነበር።

የጅማው ሰውዬ እርሳሱ ወደቀበትና ለማንሳት ብዙ ቆየ። ጋሽ ወርቁ ቀስ ብሎ፣ «ጓድ ሽፈራው፣ ይህ ቃል ሥራ በዝቶበታል። ሌላ ብንፈልግ» አለ።

«ለዚህም ነው የመረጥኩት» አለ ሽፈራው። «ቃል የሚጸዳው በሥራ ነው። እኛ እናጸዳዋለን።»

ይህን ንግግሩን በደብተሬ ጽፌዋለሁ፤ ደብተሩ ዛሬም እጄ ላይ አለ። አንዳንድ ሰዎች «ውጭ አገር ስለነበረ አላወቀም» ይሉኛል። ያውቅ ነበር። እኔም ግን እንደ ሌሎቹ ዝም ብዬ «እርምጃ» የምትለዋን ጻፍኩ፤ ከሥሯም አሰመርኩ።

ስንወጣ ለብቻው አገኘሁት። «ጓድ ሽፈራው፣ ነገ የምናነሳቸው ሴትዮ ልጃቸው በዚያ ቃል ነው የሄደባቸው» አልኩት። ማንም ነግሮኝ አይደለም፤ እትዬ ውዴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ የሌለው ባዶ ፍሬምና የእናቴን ምክር አገናኝቼ ያወቅሁት ነው። «እሳቸው ዘንድ ‹በል› ይበሉልኝ።»

እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «እሺ፣ ጓድ ፋናዬ። እዚያ ‹በል› ነው የምለው።»

«ቃልዎን?»

«ቃሌን።»

ሐሙስ

እትዬ ውዴ ግቢያቸውን ጠርገው፣ የታጠበ ነጠላ ለብሰው፣ ጆንያውን ከምረው ጠበቁን። ሽፈራው ነጠላውን አይቶ፣ «የሥራ ልብስዎን ቢለብሱ ይሻላል፣ እማማ» አላቸው።

«እንዴ! ሰው ፎቶ ሊነሳ ቆሽሾ ይወጣል?»

«የምናነሳው እጅዎን ነው።»

«እጄንማ ሰው ባያየው ደስ ይለኛል። ጆንያውን አንሱት፤ እሱ ከእኔ ይሻላል፣ ስንዴ ይዞ ያውቃል።»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጫልቱ አጥር ላይ ተደግፈው፣ «ውዴ፣ ሲኒማ ቤት ስትገቢ እኛን በነጻ ታስገቢናለሽ!» ብለው ጮሁ። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማይክሮፎኑንና ቴፑን የጅማው ሰውዬ። ሽፈራው መጀመሪያ በተስማማነው መሠረት «በል!» አለ። እትዬ ውዴ ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰኩ፣ ሲባጎውን ሳቡ፣ በጥርሳቸው በጠሱ። እጃቸው ፈጣን ነው። ጥሩ ሆነ።

ለሁለተኛው ቀረጻ ስንዘጋጅ የቀበሌው ሊቀመንበር ሥራችንን ሊጎበኝ ሁለት ሰዎች አስከትሎ በበሩ ብቅ አለና፣ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» ብሎ አለፈ። ሽፈራው ቀና አለ። ድምፁ ተለወጠ። «ካሜራ!» አለ። «እየሄደ ነው» አልኩ።

«እርምጃ!»

ወስፌው ቆመ። እትዬ ውዴ ወደ ካሜራው አላዩም። ወደ በሩ ነው የዞሩት።

«በማን ላይ ደግሞ?» አሉ።

ወስፌውን ከጆንያው ነቅለው አስቀመጡ።

«አንድ ነው የነበረኝ። ወሰዳችሁት። አታልቅሺ አላችሁኝ፤ አላለቀስኩም። ለቅሶ አትቀመጪ አላችሁኝ፤ አልተቀመጥኩም። ማን ቀረ? አሁን ደግሞ በማን ላይ ነው?» ጆንያውን ወደ ፊታቸው አነሱና በውስጡ፣ «ሰሎሞኔ፣ ሰሎሞኔ» እያሉ አለቀሱ።

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። በአንድ ዓይኔ ሽፈራውን አየሁት። «ቁረጥ» አላለም። እጁን በአየር ላይ ያሽከረክራል፤ ቀጥይ ማለቱ ነው። ቀጠልኩ። ካሜራው ጉልበቱ አልቆ በራሱ እስኪቆም ድረስ ቀጠልኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

«ይብቃ» ያለው ጋሽ ወርቁ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ እትዬ ውዴ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደሚቀመጠው። ቀጥሎ የጅማው ሰውዬ ተቀመጠ። ወይዘሮ ጫልቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልከው መጥተው ተቀመጡ። አንድ በአንድ ሁሉም ተቀመጡ። ለሰሎሞን የተቀመጡለት ለቅሶ ያ ብቻ ነው፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እኔ ካሜራው እጄ ላይ ስለነበረ አልተቀመጥኩም።

ማታ የቀረችውን ቅቤ ሽሮ ላይ አደረጉልኝ። እሳቸው አልበሉም።

«ያ ነገር ያለቀሰውን ሰው ሁሉ ይይዛል?» አሉኝ።

«ይይዛል፣ እትዬ።»

«ለማን ነው የሚያሳየው?»

«ቅዳሜ፣ አዳራሽ።»

«ሊቀመንበሩም ይኖራል?»

«ይኖራል።»

ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብዪ። እኔ እስከ ቅዳሜ ልብሴን አጣጥፌ እጠብቃቸዋለሁ።»

ዓርብ

ጠዋት ሽፈራውን አዳራሽ ውስጥ አገኘሁትና ያንን ጥቅል እንዲያስቀረው ለመንኩት። ዓይኑ ያበራ ነበር።

«ፋናዬ፣ ምን እንዳነሳሽ አታውቂም። ይህን ማስተማር አይቻልም። ሰው ሃያ ዓመት ካሜራ ይዞ አያገኘውም።»

«ሴትዮዋን ያስሯቸዋል።»

«ማን ያስራቸዋል? ልጃቸውን ለእናት አገር የሰጡ እናት ናቸው ብለን እናስተዋውቃለን።»

«ለእናት አገር አልሰጡም። ተወሰደባቸው።»

«ፊልም ላይ ልዩነቱ አይታይም» አለኝ። ይህም በደብተሬ አለ።

ፊልሞቹን ለማጠብ የሚወስደው ሹፌር ቀትር ላይ ይመጣል። አሥራ አንዱ ጣሳዎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ጋሽ ወርቁ አጠገባቸው ተቀምጦ ስማችንን እየጻፈ ይለጥፋል። «የእኔ ስም ተሳስቷል፤ ላስተካክል» አልኩት። ስሜ አልተሳሳተም። ጣሳውን ሰጠኝ።

ከአዳራሹ ጀርባ ወጣሁ። የኅዳር ፀሐይ ነበር፤ ጥርት ያለ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ፊልሙን በክንድ እየለካሁ አወጣሁት፣ ፀሐዩ ላይ ዘርግቼ እስከ ስድሳ ቆጠርኩ፣ መልሼ ጠቀለልኩት። ስገባ ጋሽ ወርቁ ቀና ብሎ አላየኝም። «ፕላስተሩን ደህና አድርገሽ ለጥፊው» አለኝ፤ «ብርሃን እንዳይገባበት።»

ያን ቀን ቀለል ብሎኝ ዋልኩ። ለእትዬ ውዴም «ፊልሙ የለም» አልኳቸው። ድምፁ ግን ትዝ አላለኝም። ሰው አያምነኝም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነው። እኛ በገጠር ስናሳይ የጄኔሬተሩ ጩኸት የፊልሙን ድምፅ ስለሚውጠው፣ ከአቡጀዲው ጎን ቆሜ የምተርከው እኔው ነበርኩ። ስድስት ዓመት የፊልም ድምፅ የራሴ ጉሮሮ ነበር። ምስሉ ከጠፋ ሁሉም የጠፋ መሰለኝ። ቴፑ ከሽፈራው ጋር ነበር።

ቅዳሜ

አዳራሹ ከጠዋቱ ጀምሮ ተጠርጎ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮበታል። የሰፈሩ ሴቶች በሴቶች ማኅበር ተጠርተው መጥተዋል፤ መቅረት አይቻልም። እትዬ ውዴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከወይዘሮ ጫልቱ ጋር ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ፊት ለፊት። ደብረ ማርቆስ ፊልም ስናሳይ ሰው እየጮኸ፣ እየተሳደበ፣ ለክፉው ሰው ድንጋይ እያነሳ ነው የሚያየው። እዚህ ማጨብጨብ ሲጀመር ያጨበጭባሉ፣ ሲቆም ያቆማሉ።

የጅማው ሰውዬ ሚስማር የሚያቃና ሽማግሌ አሳየ፤ ጥሩ ነበር። የሌሎቹም አለፈ። የእኔ ተራ ሲደርስ አቡጀዲው ላይ ባዶ ብርሃን ወጣ። ባዶ ብርሃን፣ እስከ መጨረሻው። ሽፈራው ወደ እኔ ዞረ። ገብቶታል።

ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ ብድግ አለ። «የጓድ ፋናዬ ምስል ተበላሽቷል። ለእናንተ ለሠልጣኞች ግን የመጨረሻው ትምህርት ይህ ይሁን፦ ምስል ቢጠፋም ድምፅ ብቻውን ፊልም ነው። ልጇን ለእናት አገር የሰጠች እናት ናት፤ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡ» አለና ቴፑን ከፈተው።

«እርምጃ!» ካለው ከራሱ ድምፅ ነው የጀመረው። ቀጥሎ፣ «በማን ላይ ደግሞ?»

እትዬ ውዴ ወደፊት እያዩ ነበር። ወይዘሮ ጫልቱ እጃቸውን ያዙ። ድምፁ «ለቅሶ አትቀመጪ አላችሁኝ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሊቀመንበሩ ተነሳ።

«አጥፋው!» አለ። «ማን ናት ይህቺ?»

ሁሉም ድምፁን ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት በአጥር ሲጠራሩበት የኖሩት ድምፅ ነው።

«የምታውቅ የለችም?»

«የሰፈራችን ድምፅ አይደለም፣ ጓድ» አሉ ወይዘሮ ጫልቱ ሳይነሱ። «የሬዲዮ ይመስላል።»

ሌላዋም «አናውቃትም» አለች። ሌላዋም። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ማን ቤት እንዳረፍኩ በመዝገቡ ተጽፎ ይገኛል። አፌን ስከፍት ምን እንደምል አላውቅም ነበር።

«ድርሰት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ።

«የምን ድርሰት?»

«ለትምህርቱ ብዬ የጻፍኩት። ድምፁ የተዋናይ ነው። ፊልም የሚሠራው እንዲህ ነው፤ እውነት እስኪመስል።»

«ተዋናይዋ የታለች?»

«ከሌላ ሰፈር ናት። ዛሬ አልመጣችም።»

አተኩሮ አየኝ። ሦስተኛውን ረድፍ ግን አላየም። ያንን ድምፅ አላወቀውም ማለት አልችልም፤ ማወቅ አልፈለገም ይሆናል። ወደ ሽፈራው ዞሮ፣ «ጓድ ሽፈራው፣ እውነቷን ነው? ድርሰት ነው?» አለው።

ሽፈራው ማለት የነበረበት አንድ ነገር ነው፦ «አዎ፣ እኔ የሰጠኋት መልመጃ ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።» ሊቀመንበሩ ያከብረዋል፤ ውጭ የተማረ ነው፣ ሰው አለው። አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጡትና ያልፍ ነበር። የጃኬቱን እጅጌ አስተካከለና እንዲህ አለ፦

«ድርሰቱ የእሷ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልፈቀድኩም።»

ይኸው ነው። የንግግሩ ግማሽ እትዬ ውዴን አዳነ፤ ይህን አውቃለሁ። ግማሹ እኔን ጣለ። ሁለቱን ግማሾች ለያይቼ ለማየት ብዙ ዓመት ወስዶብኛል። የመጀመሪያውን ይቅር ብየዋለሁ።

ከኋላ ወንበር ተገፋ። ጋሽ ወርቁ ቆሞ ነበር። «ጽሑፉን እኔ አይቼ አሳልፌዋለሁ» አለ። «የምትጽፉት ነገር ካለ የእኔንም ስም ጻፉ።» ምንም ጽሑፍ አላየም፤ አልነበረምና። ሁለታችንንም ወሰዱን።

ከዚያ በኋላ

ጋሽ ወርቁን በአራተኛው ቀን በዕድሜው ምክንያት ለቀቁት። እኔ ቀበሌው እስር ቤት አሥራ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ከስድስት ሴቶች ጋር ነበርኩ፤ መተኛት የሚቻለው በተራ ነው። እትዬ ውዴና ወይዘሮ ጫልቱ አንድ ቀን እየዘለሉ ስንቅ ያመላልሱልኝ ነበር። ጠባቂው ወይዘሮ ጫልቱን «ምንሽ ናት?» ሲላቸው «ተዋናይዋ እኔ ነኝ፤ ዕዳ አለብኝ» ብለውት እሱም ስቆ እንዳስገባቸው በኋላ ሰማሁ። ሽፈራው አልመጣም። መልእክትም አልላከም። ቴፑን ሊቀመንበሩ ወሰደው፤ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ሲለቁኝ ወደ እትዬ ውዴ ቤት ሄድኩ። ጆንያ እየጠቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ከስተሻል» አሉኝ። «ለእናትሽ ምን ልበላት?»

«ዓባይ ወሰዳት ይበሏት።»

ሊስቁ ብለው ተዉት። «ባልጠየቅሽኝ፣ ባልመጣሽ ብዬ ነበር» አሉ። «ግን ጮኼ ተነፈስኩ። በስሙ ጠራሁት። አራት ዓመት በስሙ አልጠራሁትም ነበር።» ከዚያ ወስፌውን አንስተው ሥራቸውን ቀጠሉ። ስለ ሰሎሞን ሁለታችንም ዳግመኛ አላነሳንም።

አዲስ ይለፍ እስኪጻፍልኝ አራት ቀን ቆይቼ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመለስኩ። በጉዞው ላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። መሥሪያ ቤቴ ስገባ «በሥልጠናው ላይ ለፈጸመችው የሥነ ሥርዓት ጉድለት» የሚል የሽፈራው ደብዳቤ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። አነበብኩት። የፕሮጀክተሩን ክፍል ቁልፍ ለተተኪዬ አስረከብኩ፤ ፈረምኩ። መዝገብ ቤት ተመደብኩና እስከ ጡረታዬ ድረስ እዚያው ሠራሁ።